የቀይ ባሕሩ ሆቴል በፊልምና በታሪክ

አያቴ ፊልም አትወድም። «ውሸት ለማየት ዓይኔን ለምን አደክማለሁ» ትላለች። ባለፈው ፋሲካ ሰሞን ግን ቤተሰቡ ሁሉ እዚህ ቂርያት ጋት ቤታችን ተሰብስቦ ሳለ ታናሽ ወንድሜ ቴሌቪዥኑን ከፈተና «እምዬ፣ ነይ እዪ፣ ይሄ የናንተ ታሪክ ነው» አላት። የከፈተው በኔትፍሊክስ የወጣውን «ዘ ሬድ ሲ ዳይቪንግ ሪዞርት» የሚባለውን ፊልም ነው፤ በኛ አፍ «የቀይ ባሕሩ የጠላቂዎች ሆቴል» ብንለው ይሆናል። አያቴ ነጠላዋን ሰብሰብ አድርጋ ተቀመጠች። ሳትነሳ ሁለት ሰዓት ያህል አየችው። ሲያልቅ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«እኛ የታለን?»

እኔ ፊልሙን ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አይቼው ነበር። መጀመሪያ ያየሁት የወጣ ጊዜ ነው፤ በ2019 ሐምሌ መጨረሻ፣ ባግሩት ጨርሼ ጻባ እስክገባ በምጠብቅበት ወራት። አልዋሽም፣ ያኔ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። «ካፒቴን አሜሪካ» ሆኖ የምናውቀው ክሪስ ኢቫንስ የኛን ሰዎች በጀልባ ሲያሻግር ማየት ቀላል ነገር አይደለም። በትምህርት ቤት የታሪክ መጽሐፋችን ውስጥ የኛ ነገር ስንት ገጽ እንደነበረው የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ ጊዜ ያየሁት ጻባ ውስጥ ነው። አንድ ክፍል የምናድር ልጅ በስልኩ እያየ «ወላጆችህ እንዲህ ነው የመጡት?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ከዚያ በኋላ ግን ጥያቄ አከታተለብኝ፤ ከየት ተነሱ? ስንት ቀን ሄዱ? ማን መራቸው? ካምፑ የት ነበር? አንዱንም መመለስ አልቻልኩም። የማውቀው እሱ የሚያውቀውን ፊልም ብቻ ነበር። አፈርኩ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ እፍረት ምክንያት ነው ብል ይሻላል።

መጀመሪያ ስለ ፊልሙ ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የሠራው ጊዴዮን ራፍ ነው፤ «ሐቱፊም» የሚለውን ተከታታይ ድራማ የሠራው እስራኤላዊ። ክሪስ ኢቫንስ አሪ ሌቪንሰን የሚባል የሞሳድ ሰው ሆኖ ይጫወታል። ከሱ ጋር ከበደ ቢምሮ የሚባል የቤተ እስራኤል ሰው አለ፤ ይህን የተጫወተው ማይክል ኬ ዊሊያምስ ነው፤ በ2021 ያረፈው አሜሪካዊው ተዋናይ። የሞሳድ ሰዎች ሱዳን ውስጥ በቀይ ባሕር ዳር የተተወ ሆቴል ይከራያሉ፣ ቀን የሆቴል ሠራተኛ መስለው ይውላሉ፣ ሌሊት ስደተኞችን ከካምፕ እያወጡ በባሕር ያሻግራሉ። ከዚያ ሳይጠበቅ እውነተኛ ቱሪስቶች ይመጣሉ። ፊልሙ የተቀረጸው ሱዳን ወይም ኢትዮጵያ አይደለም፤ ናሚቢያና ደቡብ አፍሪካ ነው። አያቴ ይህን ሳይነግራት ማንም «ይህ አፈር የኛ አይደለም» ብላለች።

አሁን ወደ ታሪኩ። ሆቴሉ እውነት ነው። ይህ ነው የሚገርመው፤ የፊልሙ ልብ ወለድ የሚመስለው ክፍል እውነተኛው ነው። ስሙ አሩስ ይባላል፣ ከፖርት ሱዳን በስተሰሜን። በ1972 ጣሊያኖች የሠሩት አሥራ አምስት ቀይ ጣሪያ ያላቸው ትንንሽ ቤቶች፣ አንድ ወጥ ቤትና ወደ ባሕሩ የተከፈተ ትልቅ የምግብ አዳራሽ ነበረው። ውኃ የለም፣ መብራት የለም፣ ደህና መንገድ የለም፤ ስለዚህ ጥለውት ሄዱ። ሞሳድ የአውሮፓ ኩባንያ መስሎ ከሱዳን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት በ320,000 ዶላር ለሦስት ዓመት ተከራየው። ማስታወቂያ ወረቀት አሳተሙ፣ የመጥለቂያ ዕቃ አመጡ፣ ከአካባቢው ሠራተኛ ቀጠሩ። ሠራተኞቹ ለማን እንደሚሠሩ አያውቁም ነበር። እንግዳው እየበዛ መጣ፤ የግብፅ ወታደሮች፣ የእንግሊዝ ወታደሮች፣ ከካርቱም የሚመጡ ዲፕሎማቶች ሁሉ አርፈውበታል። ሆቴሉ በራሱ ገቢ መተዳደር እስኪችል ድረስ ሠራ። የቀን ሥራውን ትመራ የነበረችው ዮላ ራይትማን የምትባል የቀድሞ የአውሮፕላን አስተናጋጅ ናት፤ በፊልሙ ውስጥ ያለችውም ሴት እሷን መሠረት ያደረገች ትመስላለች።

ሌሊት ደግሞ መኪኖቹ ወደ ገዳሪፍ ይወርዳሉ። ከካምፕ የወጡትን ሰዎች ጭነው፣ የፍተሻ ኬላ እያለፉ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር ተጉዘው ባሕሩ ዳር ይደርሳሉ። ቀን ቀን ተደብቀው ስለሚውሉ ጉዞው ሁለት ሌሊት ይፈጅ ነበር። በባሕሩ ዳር የባሕር ኃይል ኮማንዶዎች በጎማ ጀልባ ይጠብቋቸዋል፤ ራቅ ብሎ «ባት ጋሊም» የምትባል መርከብ ቆማለች። በ1981 ኅዳር በመጀመሪያው ጉዞ 164 ሰዎች ተጭነው ሻርም ኤል ሼክ ገቡ፤ ያኔ ሲና ገና በእስራኤል እጅ ነበረች። ባሕር አይቶ የማያውቅ የወገራ ወይም የደምቢያ ገበሬ በጨለማ፣ ልጁን ታቅፎ፣ በሚወዛወዝ ጎማ ላይ ሲወጣ አስቡት። ብዙዎች ያሰቡት የኦሪትን ባሕር እንደሆነ ሽማግሌዎች ይናገራሉ።

በ1982 መጋቢት ላይ ግን ነገሩ ሊበላሽ ነበር። የመጨረሻዋ ጀልባ ልትነሳ ስትል የሱዳን ወታደሮች ደረሱና ተኮሱ፤ ኮንትሮባንድ ነጋዴ መስለዋቸው ነው። የቡድኑ አለቃ ዳኒ ሊሞር ፊት ለፊት ሄዶ «ቱሪስት ላይ ትተኩሳላችሁ እንዴ? እናንተ እብድ ናችሁ?» እያለ ጮኸባቸው፣ መኮንኑም አፍሮ ይቅርታ ጠየቀ ይባላል። ማንም አልሞተም። ከዚያ በኋላ ግን ባሕሩ አደገኛ ነው ተብሎ ሄርኩለስ የሚባለው ትልቁ የጦር አውሮፕላን በረሃ ውስጥ በሌሊት እያረፈ ሰው መጫን ጀመረ። ፊልሙ ይህን ሁሉ ጨፍልቆ በአንድ ታሪክ ውስጥ ከትቶታል። እንዲያውም የመጨረሻው ትርኢት ላይ የአሜሪካን እጅ ያስገባበታል፤ አሜሪካኖች በአውሮፕላናቸው የገቡት በ1985 መጋቢት ነው፣ ሙሴ ዘመቻ ከተቋረጠ በኋላ የቀሩትን 500 ገደማ ሰዎች ለማውጣት። በሳምንታት ውስጥ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1985፣ ኒሜሪ ከሥልጣን ወረደ። የሆቴሉም ሰዎች በሌሊት ጥለው ወጡ፤ ጠዋት ቱሪስቶቹ ሲነሱ ቁርስ የሚያቀርብላቸው የአካባቢው ሠራተኛ ብቻ ነበር። ይህን ትዕይንት ፊልሙ ውስጥ በደንብ አለመጠቀማቸው ይገርመኛል፤ የቀልድ ሰው ቢያገኘው ፊልሙን ከዚያ ነበር የሚጀምረው።

እዚህ ላይ ስለ ዓመተ ምሕረት አንድ ነገር ልናገር፤ እኔን አሳስቶኝ ስለነበር። አያቴ «በ77 ነው የወጣነው» ትላለች። እኔ ደግሞ መጽሐፍ ላይ ሜናሔም ቤጊን በ1977 የሞሳዱን አለቃ ይትስሐቅ ሆፊን «የኢትዮጵያን አይሁዶች አምጣልኝ» ብሎ እንዳዘዘ አንብቤያለሁ። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አያቴ መጀመሪያ ከወጡት ጋር የወጣች ይመስለኝ ነበር። ለካ የሷ 77 የኢትዮጵያ 77 ነው፤ በፈረንጅ 1984 እና 85። ያ የድርቁ ዓመት ነው። በፈረንጁ 77 የወጡትማ 120 ገደማ ሰዎች ናቸው፤ መሣሪያ አራግፈው በሚመለሱ አውሮፕላኖች። ከመንግሥቱ ጋር የተደረገው ያ ውል በ1978 ሞሼ ዳያን ሲናገረው ተቋረጠ። በሁለቱ 77 መካከል ሰባት ዓመት አለ። በእነዚያ ሰባት ዓመታት ነው የሱዳን መንገድ የተከፈተው።

የከፈተው ማን ነው? ፊልሙን ያየ ሰው አሪ ሌቪንሰን ይላል። ታሪኩን ያነበበ ግን ፈረደ አክሉም ይላል። አቶ ፈረደ በትግራይ አስተማሪ ነበሩ። በደርግ ተፈልገው ሱዳን ገቡ፤ ካርቱም ሆነው ደብዳቤ መላክ ጀመሩ፣ «እዚህ ነኝ፣ እርዱኝ፣ ወገኖቼን ማምጣት ይቻላል» የሚል። ደብዳቤው ሞሳድ እጅ ገባና ዳኒ ሊሞር ሊፈልጋቸው ተላከ። በመቶ ሺህ ስደተኛ ውስጥ አንድ ሰው! ተገናኙ። ከዚያ ፈረደ ወደ ሀገር ቤት መልእክት ላኩ፦ የኢየሩሳሌም መንገድ በሱዳን በኩል ነው። ሰው ከየመንደሩ በእግሩ የተነሳው በዚህ ቃል ነው። አስቡት፣ መርከቧም ሆቴሉም ገና አልነበሩም። በ1980 እሳቸው ራሳቸው ሱዳንን ለቀው እስራኤል ገቡ፣ ቤርሼቫ ኖሩ፣ በ2009 ኢትዮጵያን ሊጎበኙ ሄደው አረፉና አስከሬናቸው መጥቶ ቤርሼቫ ተቀበረ። ከኛ ከተማ በባቡር ትንሽ መንገድ ነው።

ፊልሙ ውስጥ ከበደ ቢምሮ የሳቸው ጥላ ነው። ማይክል ዊሊያምስ በጣም ጥሩ አድርጎ ነው የተጫወተው፤ ዝም ሲል እንኳ ዓይኑ ይናገራል። ድካሙን፣ ንዴቱን አይቼ አጎቴን አስታወሰኝ። ግን ከበደ ምን ያደርጋል? አሪን ይከተላል። አሪ ሐሳብ ያመነጫል፣ ከበደ ሰው ይሰበስባል። አሪ ይወስናል፣ ከበደ ያምነዋል። በእውነቱ የሆነው ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጠሪው ፈረደ፣ ተጠሪው ሞሳድ ነበር።

«አክሽን ፊልም እኮ ነው፣ አንድ ጀግና ያስፈልገዋል» ትሉኝ ይሆናል። ወንድሜም ይህንኑ ነው ያለኝ። እሱ አክሽን ፊልም ሲባል ነፍሱን ይሰጣል፤ በተለይ «ዘ ሬይድ» የሚባለውን በ2011 የወጣ የኢንዶኔዥያ ፊልም አሥር ጊዜ ሳያየው አልቀረም። ስለዚህ በራሱ ፊልም መለስኩለት። «ዘ ሬይድ»ንም የሠራው የውጭ ሰው ነው፣ ጋሬዝ ኢቫንስ የሚባል ከዌልስ የሄደ። ታሪኩ ቀላል ነው፤ ፖሊሶች ጃካርታ ውስጥ ወንበዴ የሞላው ባለ ሠላሳ ፎቅ ሕንፃ ገብተው መውጫ ያጣሉ። እውነቱን ለመናገር ታሪኩ ስስ ነው፣ ከድብድብ ድብድብ ነው፣ ሰዎቹ ማን እንደሆኑ ሳታውቅ ይሞታሉ። ግን ኢቫንስ ሀገሩ ሄዶ «ሲላት» የሚባለውን የነሱን የትግል ጥበብ በካሜራ ሲቀርጽ ኢኮ ኡዋይስ የሚባል ልጅ አገኘ፤ ልጁ ያኔ የአንድ ስልክ ድርጅት ሾፌር ነበር። ጀግና ያደረገው እሱን ነው። በሀገሩ ቋንቋ፣ በሀገሩ ትግል። ከሆሊዉድ ጋር ሲተያይ በኪስ ገንዘብ የተሠራ ፊልም ነው፣ ዓለም ሁሉ ግን አየው። ለማየት ነጭ ጀግና አላስፈለገም። ወንድሜ ትንሽ አሰበና «ያ ግን እውነተኛ ታሪክ አይደለም» አለ። ልክ ነው፣ እኔንም የሚያናድደኝ እሱ ነው። ልብ ወለዱ ለኢንዶኔዥያው ልጅ ቦታ ሰጠው፣ እውነተኛው ታሪክ ግን የኛን ሰው ወደ ኋላ ወንበር አስቀመጠው።

የፊልሙን ጥሩ ጎን ሳልናገር ማለፍ ግን ኃጢአት ነው። ኬላ ላይ መኪናው ቆሞ፣ ሸራው ሥር ሰው ትንፋሹን ይዞ፣ ወታደሩ በባትሪ ሲያበራ ያለው ትዕይንት አያቴን እጄን አስይዟታል። ሆቴሉ ውስጥ ያለው ቀልድም ይሠራል። አሪ ራቁቱን ሆኖ ስፖርት ሲሠራ ግን አያቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ እኛም ሳቅን። ከሁሉ በላይ ፊልሙ እኛን ለማያውቀን ሰው እንዳለን ነግሮታል። አባቴ እዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለው። «አንተ በዩኒቨርሲቲ ወንበር ተቀምጠህ ትተቻለህ፤ እኔ ፋብሪካ ስገባ ከየት መጣህ፣ እንዴት መጣህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። አሁን ይጠይቁኛል። ይህን ያመጣው ያ ፊልም ነው» ይላል። የሞሳድ ሰዎቹም ሕይወታቸውን ለአደጋ ሰጥተዋል፤ ቢያዙ ምን እንደሚጠብቃቸው ያውቁ ነበር። ይህን ማሳነስ አልፈልግም። አባቴ ልክ ነው። እኔም ልክ ነኝ መሰለኝ።

የኔ ትልቁ ቅሬታ ግን ስለ ጀግናው አይደለም፤ ስለ ሞት ነው። ፊልሙ ውስጥ ሞት አለ፣ ክፉ ኮሎኔል አለ፣ ጥይት አለ። በካምፑ ውስጥ የኛን ሰው የጨረሰው ግን ጥይት አልነበረም። ኡም ራኩባ የሚባለው ካምፕ ገዳሪፍ አጠገብ ነው። በ1984 ክረምት ሰው በተቅማጥ፣ በኩፍኝ፣ በወባ እንደ ቅጠል ረገፈ፤ አብዛኛው ሕፃንና ሽማግሌ ነበር። በመንገድና በካምፕ ያለቁት ብዙ ጊዜ 4,000 ገደማ ናቸው ይባላል። ሙሴ ዘመቻ ከኅዳር 1984 እስከ ጥር 5 ቀን 1985 ያመጣው ሰው 8,000 አይሞላም ወይ ገደማው ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። አክሽን ፊልም ተቅማጥን ማሳየት አይችልም፤ ኮሎኔሉን መግደል ይቻላል፣ ኩፍኝን ግን ማን ይተኩስበታል? ስለዚህ ዘለለው። ካምፑን ያሳየናል፣ ድንኳኑን ያሳየናል፣ ልጇን አፈር አልብሳ ለማልቀስ የምትፈራ እናት ግን እኔ አላየሁም። ለምን ትፈራለች? በሥርዓታችን ካለቀሰች ሃይማኖቷ ይታወቃላ። አይሁድ መሆን በዚያ ካምፕ የሚደበቅ ነገር ነበር። በሰንበት እሳት አንድደው ክርስቲያን ለመምሰል የሞከሩ ቤተሰቦች ነበሩ። ሰንበትን ለዘመናት ላከበረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ወላጆች ከኔ በላይ ያውቁታል።

ደግሞ ኮሚቴዎቹ የታሉ? ወላጆቻችን «ኮሚቴ» የሚሏቸው ወጣቶች፣ አብዛኞቹ በኔ ዕድሜ የነበሩ፣ በካምፑ ውስጥ ገንዘብ ያደሉ፣ የታመመ ያሳከሙ፣ ዛሬ ሌሊት ማን እንደሚወጣ በጆሮ የነገሩ ልጆች ናቸው። መኪናው የሚመጣው እነሱ ባዘጋጁት ስም ነው። ከመካከላቸው ተይዘው የታሰሩና የተገረፉ አሉ። አንዳንዶቹ ዛሬ በየከተማችን፣ በጥበቃ ሥራና በፋብሪካ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፤ ሲግድ ላይ አጠገባችሁ ቆመው ይሆናል። ስለ አንዳቸው ብቻ ሙሉ አክሽን ፊልም ይወጣል። እኔ ብሠራው ከሆቴሉ አልጀምርም፤ ከዚያ በጆሮ ከሚነገረው ስም እጀምር ነበር።

ሱዳኖቹም ቢሆኑ ፊልሙ ውስጥ ወይ ጨካኝ ወይ ጉቦ በላ ናቸው። ሱዳን በዚያ ዘመን ራሷ ድሃ ሆና ከኢትዮጵያ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ስደተኛ ተቀብላለች። አያቴ ውኃ ስለ ሰጠቻት አንዲት የገዳሪፍ ሴት አንዳንዴ ታወራለች። ኡም ራኩባ በ2020 ኅዳር እንደገና ተከፍቶ ከትግራይ የሸሸውን ሰው እንዳስጠለለ በዜና ሳየው አያቴን አልነገርኳትም። ስሙን ከሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም።

የሌሎች ፊልሞችን ነገር ለማንሳት ያህል፣ በ2005 የወጣው የራዱ ሚሐይሌአኑ «ኑርና ሁን» የሚመስል ስም ያለው ፊልም ካምፑን በተሻለ ያሳያል፤ እናቱ ልታድነው አይሁድ ነህ ብላ የላከችው ክርስቲያን ልጅ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ የተወለደችው ዓለምወርቅ ዴቪድያን በ2018 የሠራችው «የበለስ ዛፍ» ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ነው፣ በአማርኛ ነው፣ አንዲት ልጅ ከጦርነት ጋር ስትጋፋ። ሁለቱም አክሽን አይደሉም። ወንድሜ ሁለቱንም አላስጨረሰኝም።

ወደ አያቴ ጥያቄ ልመለስ። «እኛ የታለን?» ስትል መጀመሪያ የገባኝ እንደ ተቺ ሆኜ ነበር፤ የኛ ሰው ቦታ አነሰ ማለቷ መሰለኝ። እሷ ግን የጠየቀችው በቀጥታ ነው። የሄደችበትን መንገድ በስክሪኑ ላይ ስትፈልግ ነበር። ወንዙን፣ ያደሩበትን ዋሻ፣ ሽፍታ የዘረፋቸውን ቁልቁለት። ከሁሉ በላይ የእናቴን ታናሽ የቀበረችበትን ቦታ ነው የፈለገችው። ሦስት ዓመቷ ነበር። እናቴ እህት እንደነበራት አውቃለሁ፤ የት እንደቀረች ግን ያን ቀን ነው የሰማሁት፣ ፊልሙ ካለቀ በኋላ፣ ሻይ እየጠጣን። እናቴ እንኳ ስሟ ሲነሳ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች።

በማግስቱ ስልኬን አምጥቼ «እምዬ፣ ልቅዳሽ?» አልኳት። «ምን ያደርግልሃል?» አለች። ጻባ ውስጥ ያ ልጅ የጠየቀኝን ነገርኳት፣ መልስ እንዳልነበረኝም። ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ጀመረች፦ የወጡበትን ሌሊት፣ በሬውን ለማን እንደተዉ፣ የመሪውን ስም፣ ያለፉባቸውን መንደሮች አንድ በአንድ። እኔ የምጽፋቸውን ስሞች እንዳላበላሽ ሁለት ሁለት ጊዜ ትደግምልኝ ነበር። አርባ ሰባት ደቂቃ ቀዳሁ። ድንበሩን ተሻግረው ካምፑ ሲታያቸው ስትደርስ እጇን አነሳች።

«ይብቃን ለዛሬ፤ ሰንበት እየገባ ነው። የቀረውን እሑድ ና።»